የባከነው ድምፅ

ተረቴ መጣች፤ ጆሯችሁን አውሱኝ።

አራዊት ንጉሥ ለመምረጥ ወንዝ ዳር ተሰበሰቡ። ለመንገሥ የቀረቡት ጅብ፣ ነብርና ኤሊ ነበሩ። ኤሊ "ሁሉም በየቤቱ ይደር፤ እኔ ማንንም አልገዛም" አለች። እመት በጊት ነብርን ስለፈራች ድምፅዋን ለጅብ ሰጠች። ጥንቸሉ ግን ለኤሊ ሰጠ።

"አንተ ሞኝ! ኤሊ እንደሆነች አታሸንፍም። ድምፅህን ለምን ታባክናለህ?" አለችው በጊት።

"ለማላምነው ከምሰጥ ይባክን" አላት።

ጅብ ነገሠ። ኤሊ ወደ ቤቷ ስትመለስ ጥንቸሉን ጠርታ "የሰው ድምፅ ይዤ አልሄድም" ብላ ድምፁን መለሰችለት።

በማግስቱ ንጉሡ የበጊትን አንገት ያዘ። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ ግን ጅቡ ዘንድ ነበር።

"ኧረ የአገር ያለህ! በጊት ተበላች!" የሚል ጩኸት ዱሩን ሞላው። የጮኸው ጥንቸሉ ብቻ ነበር።

ተረቴን ውሰዱ፣ ድምፄን መልሱ።