ፋብሪካው የረሳው ክዳን

አንድ ክዳን፣ ዕቃው ተራ ቢሆንም፣ በጥንቃቄ ሲተረጎም እንዲህ ነው፦ በአፍ ላይ ተቀምጦ ውስጥ ያለው እንዳይወጣ፣ ውጭ ያለው ደግሞ እንዳይገባ የሚከለክል ነገር። ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። አንዱን ሥራ፣ ሌላውን ተው ቢሉት አይሰማም።

ጋሽ ደምለው ከክዳን ጋር ለብዙ ዘመን የተዋወቁ ሰው ነበሩ። በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የብረታ ብረት ሥራ አስተምረዋል። ጡረታ ሲወጡ እኩዮቻቸው በግ ማርባትና ለዕድር ሊቀ መንበርነት መወዳደር ጀመሩ፤ እሳቸው ግን በቤት ተገጣጥሞ የሚበር ትንሽ አውሮፕላን አስመጡ። አሥራ አራት ሣጥን ሆኖ መጣ። የመገጣጠሚያው መመሪያ ብቻ አራት መቶ ገጽ ነበር።

አምስት ዓመት ፈጀ። ክንፉና ጭራው ገባ፤ በመጨረሻም ሞተሩ ተሰቀለ፣ የዘይቱ ማቀዝቀዣ፣ የነዳጁ ቱቦና ሽቦው በየመስመሩ ተዘረጋ። ጋሽ ደምለው ያጠበቁትን ብሎን ሁለት ጊዜ ይፈትሹና በቀይ ቀለም ምልክት ያደርጉበታል። ሰው ሊመክራቸው ሲሞክር «ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ምክሩ የሚሄድበት አልነበረውም።

በሥራው መካከል አንድ ጉድለት አገኙ። ከነዳጁ ማጠራቀሚያ፣ መካኒክ ሰልባትዮ ከሚለው፣ አናት ተነሥታ በክንፉ ሥር ብቅ የምትል፣ እንደ ትንሽ ጣት የቀጠነች ቧንቧ ነበረች። ጫፏ ክፍት ነው። በመመሪያው ሥዕል ላይም ክፍት ነው። ጋሽ ደምለው መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ደጋግመው አዩና ፋብሪካው ክዳኗን ረስቷል ብለው ደመደሙ። ክፍት ቧንቧ አቧራ ይገባበታል፤ ነፍሳት ይገባበታል። ስለዚህ ከአሉሚኒየም ክዳን ቀረጹላት፤ ቶርኖ በሚሉት የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ጥርስ አወጡለት፣ አወለወሉት፣ አጥብቀው ገጠሙት። ለፋብሪካው ደብዳቤ ሊጽፉ አስበው ነበር፤ ሰዎቹን እንዳያሳፍሩ ብለው ተዉት። ጎብኚ ሲመጣ ግን ከሞተሩ በፊት የሚያሳዩት ክዳኑን ነበር።

ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ሰባት ደቂቃ ሠራ፣ አሳለው፣ ጠፋ። የመሙያውን አፍ ከፍተው አዩ፤ ነዳጁ ሞልቷል። ዘጉትና አስነሡት፤ ሰባት ደቂቃ። ፓምፑን ቀየሩ፤ ሰባት ደቂቃ። ካርቦራተሩን ፈትተው አጠቡ፣ ማጣሪያውን ለወጡ፣ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመሩ። ስምንት ግን አልሞላ አለ።

የመብረሪያ ፈቃድ ለማግኘት ሞተሩ በቆመበት ሠላሳ ደቂቃ ሳያቋርጥ መሥራት ነበረበት። ተቆጣጣሪው ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለቱንም ጊዜ በሰባተኛው ደቂቃ ኮፍያውን አድርጎ ሄዷል።

«ጋሽ ደምለው፣ የፊታችን ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ እመጣለሁ፤ ካልሆነ ፋይሉን እዘጋዋለሁ» አላቸው። «ደግሞ ይዘውት ተነሥተው ቢሆን ኖሮ፣ በስምንተኛው ደቂቃ የት ይሆኑ ነበር?»

«ከባሕር ዛፉ በላይ» አሉ ጋሽ ደምለው። ይህን እሳቸውም አስልተውት ነበር።

ረቡዕ ዕለት በአጥር የሚዋሰኗቸው እትዬ አስካለ በሩን ገፍተው ገቡ። እትዬ አስካለ የምግብ ዘይት ከትልቅ ጀሪካን እየቀዱ በችርቻሮ የሚሸጡ ሴት ናቸው።

«ጋሽ ደምለው፣ ይሄ ነገርዎ ሊበር ነው ወይስ ጉንፋን ይዞት ነው?»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ እትዬ አስካለ።»

«እሱንማ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ደህና ይጀምርና ሳል ሳል ይለዋል፣ ከዚያ ዝም። የኔ ጀሪካን እንዲሁ ነው።»

«ጀሪካን ሞተር የለውም።»

«የለውም። ግን አናቱን በምስማር ካልበሳሁት አይቀዳልኝም። ጢም ያለ ጀሪካን ዘቅዝቄ ደንበኛ ፊት ስንቴ አፍሬያለሁ! ዘይቱ እንዲወጣ አየር ሊገባለት ይገባላ። ለርስዎ ነዳጅስ አየሩ በየት በኩል ነው የሚገባለት?»

«እትዬ አስካለ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ።»

«እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ቀድቻለሁ» አሉና ወጡ።

ጋሽ ደምለው ለብቻቸው ሳቁ። ሞተሩን አስነሡ፤ ሰባት ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ። እንደ ልማዳቸው ወጥተው የመሙያውን አፍ ከፈቱ። «እሽሽሽ» አለ። ይህን ድምፅ በከፈቱ ቁጥር ሰምተውታል፤ ሰልባትዮው ምን ያህል ጥብቅ እንደተዘጋ የሚመሰክር መስሏቸው ይደሰቱበት ነበር። አሁን እጃቸው ባለበት ቀረ። መዳፋቸውን አፉ ላይ አደረጉ፤ ወደ ውስጥ ሳባቸው። ሰልባትዮው እንደ ተጠማ ሰው አየር እየጠጣ ነበር። ጉድለቱን ለመፈለግ በከፈቱ ቁጥር፣ ሳያውቁት፣ የሌላ ሰባት ደቂቃ ትንፋሽ ሲሰጡት ኖረዋል።

ከክንፉ ሥር ተንበረከኩ። ክዳኑ ያበራል። ብዙ ቆይተው ፈቱት፤ ኪሳቸው ውስጥ ከተው ወደ ሱቁ ሄዱ።

«እትዬ አስካለ፣ ነገ ያ ሰውዬ ይመጣብኛል። አጠገቤ ቢሆኑልኝ?»

«እኔ ምን ልረባዎ?»

«የማላየው ነገር ካለ እንዲነግሩኝ።»

«ሱቁንስ ማን ይጠብቅልኝ?» አሉ። መጡ ግን።

ሐሙስ ሞተሩ ተነሣ። በሰባተኛው ደቂቃ ማንም አልተነፈሰም። በስምንተኛው እትዬ አስካለ «እልል» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተቆጣጣሪውን አዩና ያዙት። ሠላሳ ሲሞላ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን ወደ ኪሱ መለሰና ፈረመ።

«ለመሆኑ ምን ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«የማያስፈልግ ክዳን።»

«ፋብሪካው የላከው?»

ጋሽ ደምለው ክዳኑን ከኪሳቸው አወጡ። «የለም፤ እኔ የሠራሁት ነው» አሉ።

ያን ጊዜ እትዬ አስካለ እልልታቸውን ለቀቁት።

ወዳጆቼ፣ ያ ሰልባትዮ አንድም ቀን ነዳጅ ጎድሎት አያውቅም። የሞላ ሰውም እንዲሁ ነው፤ የሚቀበልበት ቀዳዳ ከሌለው፣ ያለውን ሁሉ እንደያዘ በሰባተኛው ደቂቃ ይቆማል። ቀዳዳዋ ትልቅ መሆን የለባትም። ከጎረቤት የምትመጣ አንዲት ጥያቄ የምታልፍባት ከሆነች ትበቃለች። አስቸጋሪው ነገር፣ ብዙ ጊዜ የምንደፍናት በስንፍና ሳይሆን በጥንቃቄ፣ አሳምረንም መሆኑ ነው። እናንተስ ፋብሪካው ረስቶት ነው ብላችሁ በገዛ እጃችሁ የከደናችሁት ምን ይሆን?

አውሮፕላኑ ቅዳሜ ጠዋት ተነሣ፣ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ በረረ፣ በተነሣበት ሜዳ ላይ አረፈ። ክዳኑ በጋሽ ደምለው መሳቢያ ውስጥ ይገኛል፤ እስከ ዛሬ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም።