ሳትመረቅ የተነሳችው ጃርት

ተረት ተረት! «የላም በረት» አትበሉኝ፤ በረቱን አውሎ ነፋስ ወስዶታል።

ሽማግሌው አያ ዝንጀሮ ዋርካ ሥር ሸንጎ ሰብስቦ ይናገራል። እሱ ሳይመርቅ መነሳት ነውር ነው። እመት ጃርት ዓይኗን ወደ ሜዳው ጣል ብታደርግ፣ ሰማይና ምድርን ያያያዘ ጥቁር ነገር እየተሽከረከረ ሲመጣ አየች።

«አያ፣ ቶሎ ቢመርቁን? አውሎ ነፋስ መጣ!»

«ቅድመ አያቴ አውሎ ነፋስ የሚባል አላየም፤ ስለዚህ የለም። ቁጭ በይ!»

ጃርት ነውሩን ዋጥ አድርጋ መሬቱን ቆፍራ ገባች። ጨዋዎቹን ግን፣ ሚዳቋንም ጥንቸልንም፣ እንደተቀመጡ ነፋሱ ጠራርጎ ፈጃቸው።

ነፋሱ ሲያልፍ አያ ዝንጀሮ ዋርካው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ምርቃቱን ጨረሰ።

«ረጅም ዕድሜ ይስጣችሁ!»

አሜን የሚል ከጃርት በቀር አልተረፈም፤ የእሷንም አፍ አፈር ሞልቶት ነበር።