እጅ የነሳው ካፓ

አንድ ጊዜ ነው አሉ፤ ያወሩልን እትዬ የሻረግ ናቸው፣ እሳቸውም ከጃፓኑ መሐንዲስ ቤት ወጥ ሲሠሩ ከእመቤቲቱ የሰሙት ነው። በጃፓን አገር ድርቅ ገባና ከአንድ ወንዝ በቀር ውሃ ጠፋ።

በዚያ ወንዝ ደግሞ ካፓ የሚሉት ፍጡር ይኖራል። ቁመቱ የልጅ፣ ጀርባው የኤሊ፤ አናቱ ላይ እንደ ትንሽ ሳህን የጎደጎደ ቦታ አለው፣ ውሃ የያዘ። ጉልበቱ ያች ውሃ ናት። ወንዝ የወረደውን ሁሉ እግሩን ይዞ ይጎትታል እያሉ ስሙን እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚያነሱት። ሲጎትት ያየ ግን የለም።

የእመት አህያ ውርንጭላ በውሃ ጥም ዳገቱ ላይ ወድቃ መነሳት አቃታት። እናትየዋ በአፏ ውሃ ይዛላት ልትመለስ ወረደች። ወንዙ ዳር አያ ጅቦና እመት ቀበሮ ቁጭ ብለዋል።

«አትፍሪ እመት አህያ» አለች ቀበሮ። «ካፓን ይሉኝታው ነው የሚገድለው። እጅ ከነሱት ሳይመልስ አያድርም። ጎንበስ ሲል የአናቱ ውሃ ይፈስና ይዝላል፤ ያን ጊዜ ቀድተሽ መሄድ ነው።»

«እኔስ?» አለ ጅብ።

«አንተማ የወደቀውን ትበላለህ።»

«ከነድንጋዩ?»

«ጀርባው ነው አያ ጅቦ፣ ድንጋይ አይደለም።»

ካፓ ከውሃው ብቅ አለ። አህያ አንገቷን ደፋች።

«እንዴት ዋልክ ጌታዬ? ቤተሰብ ደህና?»

ካፓ ግራ ገባው። እንዴት ዋልክ ብሎት የሚያውቅ አንድም ፍጡር የለም። ደስ ብሎት ግንባሩ መሬት እስኪነካ ጎንበስ አለ፤ ውሃው ፈሰሰ፤ እሱም ተዘረረ። ተዘርሮም «እኔ ደህና... አንቺስ...» ይላል፣ ሰላምታውን ለመጨረስ።

አህያ አፏን ሞልታ ቀና ስትል፣ ጅብ ምራቁን እየዋጠ ሲጠጋው አየች። ልጇ ዳገት ላይ ትጠብቃታለች፤ እግሯ ግን አልሄድ አላት።

«ካስነሳሽው ይጎትትሻል» አለች ቀበሮ። «ያችን ልጅ ማን ሊያጠጣልሽ ነው?»

አህያ አፏን እንደሞላች ወደ ካፓ ዞረች። ሄዳ ውሃውን አናቱ ላይ አፈሰሰችለት።

ካፓ ተነሳ። ጅብን በኋላ እግሩ ይዞ ወንዙ ውስጥ ወረወረውና ወደ አህያ ዞረ። እሷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ልጆችሽስ ደህና?» አላት።

«አንዲቷ ወድቃብኛለች፣ ጌታዬ።»

ሰፊ ቅጠል በጠሰ፣ ውሃ ሞላበት፣ ዳገቱንም አብሯት ወጣ።

ውርንጭላዋ ጠጥታ ተነሳች። ጅብ ዋኝቶ ማዶ ወጣ፣ ጾሙንም አደረ። ቀበሮ ሌላ ተራራ ገባች። ካፓ እዚያው ወንዙ ውስጥ ነው። አህያ ዝናብ ከጣለ በኋላም የምትጠጣው ከዚያው ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሰላምታችንን አምኖ ጎንበስ ያለልንን፣ ሰው ሁሉ ጭራቅ ነው ቢለውም እንኳ፣ ወድቆ ጥለነው እንዳንሄድ ነው።