«በቃኝ» ያለችው እርግብ

ተረት ተረት፣ ከወንዝ ማዶ የመጣ ተረት።

በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት ከተሞች ነበሩ። የሁለቱም ወፎች አንድ ዓይነት ማሽላ ይለቅማሉ፣ አንድ ዓይነት ዘፈን ይዘፍናሉ። በወዲህኛው ከተማ ግን እንግዳ ሲጋበዝ መጀመሪያ «በቃኝ» ይላል፤ ጋባዡም «በሞቴ» እያለ ይለምነዋል። በወዲያኛው ከተማ «በቃኝ» ያለን መለመን ነውር ነው።

አንድ ክረምት ጎርፍ የወዲህኛውን ከተማ እህል ጠርጎ ወሰደው። ይሉኝታ የሚያጠቃት እርግብ ጫጩቷ ስትራብባት ወደ ወዳጇ ወደ ድንቢጥ ተሻገረች። የነገሯትን ሁሉ የምታምነው ድንቢጥም ያላትን ማሽላ አቀረበችላት።

«እርግብዬ፣ ብዪ እንጂ። ለልጅሽም ያዢላት።»

«ኧረ ተዪ እህቴ፣ በቃኝ። በልቼ ነው የወጣሁት፤ ልጄም ጠግባ ተኝታለች።»

«እሰይ፣ እንኳን ጠገባችሁ» አለችና ድንቢጥ ማሽላውን አነሳችው።

እርግብ «በሞቴ» እስክትባል ጠበቀች። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ጭልፊትን አሙ። የሚለምናት ስታጣ ተሰናብታ ባዶ አፏን በረረች።

በማግስቱ ጫጩቷ ሞተች። ድንቢጥ መርዶውን ስትሰማ ማሽላ ይዛ ለቅሶ ልትደርስ ተሻገረች፤ ይህ በሁለቱም ከተሞች ወግ ነው።

«ብዪ» አለቻት።

«በቃኝ» አለች እርግብ።

ድንቢጥ ያደገችበትን ነውር ረስታ «በሞቴ፣ በሞቴ» እያለች ለመነቻት። እርግብ ግን ያን ቀን የእውነቷን ነበር።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ለዛሬ ይቅርብኝ።