ታኮ የማትፈልገው መኪና

በሐይቅ ከተማ ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሲያስታርቁም ሆነ ወጣት ሲመክሩ ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። የሰማት ሁሉ ከጥንት የወረደች ይመስለዋል። ጥንታዊ አይደለችም። መጀመሪያ የተነገረችው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ጠመዝማዛ፣ አፍንጫዋን ጠጠር ክምር ውስጥ ከቀበረች አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶብስ አጠገብ ነው። እኔም እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።

አውቶብሷ የካሳው ነበረች። ካሳው ደግ ሰው ነው፤ ጉራው ግን ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ያን ጊዜ የሐይቅ መኪኖች ተሳፋሪ የሚጠብቁት ተዳፋት ላይ ስለነበር፣ ሾፌር ሁሉ ገና ሳይወርድ «ታኮ! ታኮ!» እያለ ይጮሃል። ከጎማው ሥር ድንጋይ ወይም የእንጨት ጉማጅ ካልተወሸቀ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የካሳው አውቶብስ ግን ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ሞተሯ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኗ ተለቆ፣ ያለ ምንም ታኮ ቀጥ ብላ ትቆም ጀመር።

«አያችሁልኝ? እንደ በቅሎ አሠልጥኛታለሁ!» ይላል በኩራት።

እኛም አደነቅንለት። እንዲያውም እኔ በፍርሃቴ የምታወቀው ሰውዬ፣ ወደ ኋላ ከማትንሸራተት መኪና የበለጠ ምን አስተማማኝ ነገር አለ ብዬ፣ ሌላውን እያሳለፍሁ እሷን እየጠበቅሁ መሳፈር ያዝሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ካሳው እናቱን እማማ የሺመቤትን ጋቢና አስቀመጣቸው። የዓይን ሞራቸውን ለማስገፈፍ ኮምቦልቻ ቀጠሮ ነበራቸው። ከኋላ ሃያ ሁለት ሰዎች ነበርን። ከመካከላችን የመኪና ዕቃ ለመግዛት የሚሄዱት አሮጌው መካኒክ ጋሽ አሊጋዝ ነበሩ። ሳይሳፈሩ በፊት ጎማዋን አየት አደረጉና ቆሙ።

«ካሳው፣ ያለ ታኮ ነው እንዴ ያቆምሃት?»

«ታኮ ለደካማ መኪና ነው ጋሼ።»

«እኔን የማትንሸራተት መኪና ታስፈራኛለች። ክሪክ አምጣና የኋላ እግሯን አንሥተን እንያት።»

«እናቴ ቀጠሮ አለባት። ስመለስ ያዩልኛል።»

ለፈሪ ሜዳ አይነሱም ይባላል። ሜዳው ፊት ለፊቴ ነበር፤ ወርጄ መሄድ እችል ነበር። ግን የመስኮት ወንበር ይዤ ነበርና ለሰው መልቀቁ አሳሳኝ።

ወደ ደሴ የሚያወጣውን መንገድ ስንያያዘው አውቶብሷ ማቃሰት ጀመረች። ካሳው ነዳጅ እየረገጠ «ጭነት በዝቶ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ እማማ የሺመቤት አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ።

«ካሳዬ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል።»

«አስፋልቱ ነው እማዬ።»

«አስፋልት አይደለም። ጨርቅ ሲቃጠል ነው የሚሸተኝ።»

«ገበሬ ገለባ እያቃጠለ ነዋ!»

እሳቸው አላመኑትም። በሞራ የተጋረዱ ዓይኖቻቸውን ወደ ኋላ ጎማ አቅጣጫ አዞሩ።

ደሴ ስንደርስ ጋሽ አሊጋዝ ከሁሉ ቀድመው ወረዱ። መዳፋቸውን የፊት ጎማው ቸርኬ ላይ አሳረፉ፤ ምንም አልሆኑም። የኋላውን ሲነኩ ግን እጃቸውን መንጭቀው ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

«ፊቷ ቀዝቃዛ፣ ኋላዋ እሳት!» አሉ። «ይህች መኪና መንገዱን ሁሉ የኋላ ፍሬኗ እንደያዘ ነው የመጣችው። አሁን አትነዳም፤ ትብረድና እፈታታለሁ።»

ጥፋቱ የካሳው ብቻ ነው ብል እግዜር ይታዘበኛል። ያጉረመረምነው እኛ ነን። መንገደኛ ላይ ክፉ አይነገርም ብለን ያደግን ሰዎች ነንና «ጋሼ፣ ሟርትዎን ይተዉን!» አልናቸው። ካሳውም አንድ ጀሪካን ውሃ አምጥቶ ጎማው ላይ ቸለሰበት። ጭስ የመሰለ እንፋሎት ተትጎለጎለ። «ይኸው በረደች» አለ፤ እኛም በረደች አልን።

ጋሽ አሊጋዝ ከመንገድ ዳር አንድ ወፍራም የእንጨት ጉማጅ አንሥተው፣ ታቅፈውት ተመልሰው ገቡ። ከካሳው አጠገብ የሞተሩ ክዳን ላይ ተቀመጡና «አንተን ብዬ አይደለም፤ እናትህን ብዬ ነው» አሉት።

የሐረጎን የመጀመሪያ ኩርባዎች በሰላም ወረድን። ከዚያ የካሳው እግር ፍሬኑን ደጋግሞ ሲረግጥ አየሁ። እኔ የተቀመጥሁት ልክ ከኋላው ነበር። መርገጫው ያለ ምንም ተቃውሞ ወለሉ ድረስ ሄደ። እንደገና ረገጠ፤ እንደገና ወለል። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ እሱም ባዶውን መጣ።

«ጋሼ...» አለ ቀስ ብሎ።

ከአንድ ወገን ገደል ነው፤ ዛፎቹ ከታች ቅጠላ ቅጠል መስለው ይታያሉ። አንዱ «ያረቢ!» ይላል፣ ሌላው ገብርኤልን ይጠራል፤ እኔ የማንንም ስም መጥራት አቅቶኝ የፊት ወንበሩን ብረት በጥርሴ ነክሼ ይዣለሁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የእማማ የሺመቤት ድምፅ ተሰማ።

«ካሳዬ፣ ደረስን እንዴ? ሰው ለምን ይጮሃል?»

ልጃቸው መሪውን ሙጥኝ ብሎ ባዶውን ፍሬን ይረግጣል።

«ማርሽ ቀንስ!» ብለው ጮኹ ጋሽ አሊጋዝ። «ተራራውን አስታክካት! ተራራውን!»

ማርሹ እየተንቋቋ ገባ፤ ሞተሩ አጓራ። የአውቶብሷ ጎን ከተራራው ጋር ተፋተገ፤ መስታወት እላያችን ላይ ረገፈ። ከኩርባው ማዶ መንገድ ሠራተኞች የከመሩት ጠጠር ነበር። እሱ ውስጥ ተሰክታ ቆመች።

ማንም አልሞተም። የእማማ የሺመቤት ግንባር ተፈነከተ። የእኔን ሱሪ ነገር ግን አትጠይቁኝ።

ጋሽ አሊጋዝ ወርደው ያችን ጉማጅ ከፊት ጎማው ሥር ወሸቁ። ኋላዋ እስኪበርድ ጠበቁና በክሪክ አነሧት። ጎማውን ለሁለት ሆነን ብናሽከረክረው አልዞር አለ። ከሥር ገብተው አንድ ሽቦ በመዶሻ መታ መታ ሲያደርጉ ግን እንደ ወፍጮ መዞር ጀመረ።

«የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ነው» አሉ ከሥር ሆነው። «አንተ ለቀቅሁት ትላለህ፤ እሱ ዝጎ አለቅም ብሏል። ጎማውን የሚይዘው የፍሬን ሸራ ከሐይቅ ጀምሮ ሲፈተግ መጣ፤ ሲግል ደግሞ መያዙን ተወ። ሙቀቱ የፍሬን ዘይቱን አፈላው፤ የፈላ ዘይት ደግሞ እግር አይቀበልም።»

ካሳው የእናቱን ግንባር በነጠላቸው ጫፍ ጫን አድርጎ ይዞ ያለቅስ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዴት ይሆናል? ሐይቅ ተዳፋቱ ላይ እኮ ያለ ታኮ ቀጥ አድርጎ ይዞኝ ነበር!»

ጋሽ አሊጋዝ ከመኪናው ሥር ወጡ፤ የተቃጠለች ጣታቸውን እፍ እፍ አሉና፣ ገደሉን አንድ ጊዜ፣ እማማ የሺመቤትን አንድ ጊዜ አይተው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ሳትለምነው በዳገት የያዘህ፣ ስትለምነው በቁልቁለት ይለቅሃል።»