እስስት ኳስ መሪ የሆነች ለት

ተረት ተረት! የጆሮ እራት!

ከዕለታት አንድ ቀን የሜዳ እንስሳትና ዝንጀሮዎች «ክረምት እስኪገባ የምንጠጣበት ምንጭ ያሸናፊው ይሁን» ተባብለው ኳስ ገጠሙ። ኳሱን ይዛ ለጓደኞቿ የምትወረውረው የሜዳዎቹ ኳስ መሪ ሚዳቋ እግሯን ወለም ብሏት ነበርና ተራው ለእስስት ደረሰ። እስስትም እንደ ሚዳቋ ልሩጥ ብላ አንድ እግሯን አንስታ ሌላውን እስክታስከትል ዝንጀሮዎቹ ኳሱን ነጥቀው አገቡ።

«በእኔ ጦስ ውሃ ልታጡ ነው፤ ሌላ ተኩ» አለች አንገቷን ደፍታ።

አሰልጣኙ ጎሽ ግን «ልጄ፣ አንቺን ሚዳቋ ላድርግሽ ማለቴ ሞኝነት ነው። በይ አንቺ ቁሚ፣ እኛ እንሩጥልሽ» አላት።

ጎሽና ከርከሮ ከፊቷ እንደ አጥር ቆሙ። ጥንቸል በግራ፣ ድኩላ በቀኝ ተፈተለኩ። እስስት በአንድ ዓይኗ ግራውን፣ በሌላው ቀኙን እያየች ኳሱን በረጅም ምላሷ ጠቀለለችው። ዝንጀሮዎቹ ድኩላን ሲከቡ ለጥንቸል፣ ጥንቸልን ሲከቡ ለድኩላ ወረወረች። ጎል! ደግሞ ጎል! ዝንጀሮዎቹ «ኧረ ወዴት ነው የምታየው?» እያሉ እርስ በርስ ተላተሙ።

ምንጩ የሜዳዎቹ ሆነ። እስስትም ጎሽ ቀንድ ላይ ወጥታ ስትጨፍር፣ ከደስታዋ ብዛት ቀለም ማማረጥ አቅቷት ሁሉንም በአንዴ ለበሰች።

ተረቴን ቅመሱ፣ ሳቄን መልሱ።