አንጓች የቁራን እግር የሳመች ዕለት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረት ልለቅባችሁ ነው። «ልቀቀው» በሉኝ። እንቅልፍ የመጣበት ካለ አሁኑኑ ሄዶ ይተኛ፤ መሐል ላይ የሚያንኮራፋብኝ ሰው አልወድም።

ድሮ ድሮ፣ ወፍም እንጨትም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። ያላት አንድ ቁራጭ መሬት ነው፤ እሱም ባሕር ሸሽ ነው። ባሕር ሸሽ ምን መሰላችሁ? ክረምት ሲገባ ሐይቁ ይሞላና መሬቱን ይውጠዋል። በጋ ሲመጣ ውሃው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጥቁሩ ጭቃ እንደ ረጠበ ይቀራል። አንጓች በዚያ ጭቃ ላይ ሽምብራ ትዘራለች።

ሽምብራው ካማረ ዓመቱን ሙሉ ሽሮዋን እየበላች በቤቷ ተከብራ ትኖራለች። ካላማረ የባሏ ወንድም ቤት ገብታ የሰው ፊት ልታይ ነው። የባሏ ወንድም ሚስት ደግሞ ምላሷ ከሚጥሚጣ ይብስ ነበር። ገበያ ላይ ባገኘቻት ቁጥር፣ ሰው እየሰማ፣ «ዘንድሮስ ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?» ትላታለች።

አንጓች ግን አንገቷን የምትደፋ ሴት አልነበረችም። «ዐይኔ ዐይን ነው፣ ክንዴም ክንድ ነው። የኔን ሽምብራ የሚበላ ወፍ ገና አልተፈለፈለም» ትል ነበር። ማሳው መሐል ማማ አቁማ፣ ወንጭፏን ይዛ፣ ከንጋት እስከ ማታ ወፍ ትጠብቃለች። ማማው ሽማግሌ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ወንጭፉ ጎረምሳ ነው፤ ሥራ ከፈታ ያመዋል። ከማማው ጣሪያ ላይ ደግሞ አያ ቁራ ይቀመጣል። ክረምት ከበጋ እዚያው ነው። «እኔ የቤት ልጅ ነኝ» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ እንግዶች መጡ። ዳክዬው መጣና ሐይቁን ሞላው። ሽመላው መጣና ረግረጉ ውስጥ ቆመ። ከሁሉም በኋላ እነዚያ አመድማዎቹ፣ አንገተ ረጃጅም፣ እግረ ረጃጅም ወፎች ሰልፋቸውን ይዘው እየጮኹ መጡ። መሪያቸው እመት ሎጊት ትባላለች። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚት በማያልፍ ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጎህ ሲቀድ በአንጓች ማሳ ላይ አልፈው ወደ ዳገቱ ይበርራሉ።

አንጓች ሰልፉን አንጋጣ ስታይ ልቧ ደስ አለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወፍ ማየት ትወድ ነበር። ግን ወፍ ጠባቂ ወፍ ወደደች ቢባል ማን አፉን ይዘጋል? በሆዷ ያዘችው።

በማግስቱ ማለዳ ከማማው ወርዳ ማሳዋን ዞረች። የሽምብራው ጤዛ የተሰነጣጠቀ ተረከዟን እንደ ሎሚ አቃጠላት። የሽምብራ ጤዛ ኮምጣጣ ነው፤ በጠዋት የገባበት ሁሉ ያውቀዋል። እግሯን እያሻሸች ስትሄድ ምን አየች? ፍሬው ተፈልፍሎ ቅርፊቱ ብቻ መሬት ላይ ተበትኗል።

«አያ ቁራ! ማን ነው? አይተሃል?» አለች።

«አላየሁም ብል ይሻለኝ ነበር» አለ ቁራ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «ሐሜት አልወድም። ግን ጎህ ሲቀድ በማሳሽ ላይ ያለፈው ማን ነበር?»

«እነዚያ እግረ ረጃጅሞቹ።»

«እንግዲህ አንቺው አልሽው፤ ከኔ አፍ አልወጣም።»

«ልቀቂኝ! ልቀቂኝ!» አለ ወንጭፉ።

ማማው ሲጢጥ አለ። «አንጓች፣ ወደ ታች እይ» አላት።

«ዝም በል አንተ ሽማግሌ! ሌባ ወፍ የሚመጣው ከሰማይ ነው።»

በማግስቱ ሲነጋ እንግዶቹ ብቅ ሲሉ ወንጭፏን አዙራ ለቀቀችው። ድንጋዩ በሰልፉ መሐል አለፈ፣ ወፎቹ ተበተኑ። አንጓች ግን ወደ ሰማይ ስታንጋጥጥ፣ ከማማው ሥር አንድ ነገር ኮሽ ኮሽ ይል ነበር። አወቃችሁት መሰለኝ። ዝም በሉ፤ እሷ አላወቀችም።

ማሳዋን ስትዞር የተፈለፈለው ካለፈው በዝቶ አገኘችው። እንደዚያም ሆኖ አንጓች ፍርድ የምታውቅ ሴት ነበረችና፣ «ሳይነገራቸው መቅጣት ነውር ነው» አለች። ቁራን ጠራችው። «ሂድና እንዲህ በላቸው፦ እንግዳ ናችሁ፣ አከብራችኋለሁ፤ ሽምብራዬን ግን ተዉልኝ፤ ሌላ የለኝም።»

እንግዲህ የቁራ መልእክተኛ ሲባል ሰምታችሁ የለ? ያኛው ቁራ ተልኮ ሳይመለስ ቀረ። ይኸኛው ተመለሰ፤ መመለሱ ባሰ። ከደንገሉ ጀርባ ሄዶ፣ ጉማሬ ላይ ተቀምጦ ላባውን ሲያበጥር ቆየና መጣ።

«ምን አሉ?»

«አፌ አይደፍረውም።»

«ተናገር እንጂ!»

«መሬቱ ባሕር ነበር፤ ባሕር ደግሞ የወፍ ነው፤ እሷ ማን ናትና ትከለክለናለች፤ አሉ።»

አንጓች ደሟ ፈላ። ባሏ በሕይወት ሳለ ያረሰው መሬት ነው፤ የሷ አይደለም ሲባል እንዴት ትቻለው? ማማው ሲጢጥ አለ፤ «አንጓች፣ ወደ ታች እይ።» አልሰማችውም። በማግስቱ ሁለተኛውን ድንጋይ ለቀቀች፤ አንዲት አመድማ ላባ እየተንሳፈፈች ወረደች። «ጎበዝ!» አላት ቁራ። ሽምብራው ግን እንደገና ተፈለፈለ። ከማሳው ግማሹ ባዶ ሆነ። የባሏ ወንድም ሚስት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ይጮህ ጀመር።

በሦስተኛው ማለዳ ማማው ሲጢጥ ብቻ አላለም፤ እስኪወዛወዝ ጮኸ። «ወደ ታች፣ አንጓች! ወደ ታች!»

«አርጅተህ ነው፤ ሲጢጥ የሚያሰኝህ ንፋሱ ነው» አለችውና ወንጭፏን ከመቼውም ይልቅ አጥብቃ አዞረች። ድንጋዩ የእመት ሎጊትን እግር መታው። ሰልፉ ሁሉ ጮኸ። ሎጊት እየተንገዳገደች ወረደች፤ ግን ወደ ሐይቁ አልሸሸችም። በአንድ እግሯ እያነከሰች በውሃው ዳር ዞራ፣ ወደ ማማው መሰላል ሥር መጣችና ክንፏን ሰበሰበች።

«የደከመኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» አለች።

በዚያ አገር ደመኛ እንኳ ቢሆን፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ ካለ፣ እግሩ ሳይታጠብ ጥፋቱ አይነሣም። አንጓች የልቧን በልቧ ይዛ ወረደች። በገበቴ ውሃ አቀረበች፤ ተንበርክካ የሎጊትን እግር ማጠብ ጀመረች።

እግርን የሚያህል ነገር ከቅርብ ያላየ ሰው ምን ያውቃል? በሎጊት ጣቶች መሐል ያገኘችው የሐይቁን ግራጫ ደለልና የጤፍ ገለባ ነው። ጥቁር ጭቃ የለም። ደግሞም የአንጓች የእጅ ጣቶች በሥራ ብዛት የተሰነጣጠቁ ነበሩ፤ በሽምብራ ጤዛ የሄደ እግር የታጠበበት ውሃ ቢሆን ያንገበግባት ነበር። ውሃው ግን ጣቷን አላቃጠላትም። አንጓች ቀና አለች።

«ከየት ነው የምትመጡት?»

«ብርድ ሲገባ ውሃው ድንጋይ ከሚሆንበት አገር። መብሉ ከድንጋዩ ሥር ተቀብሮ ሲቀርብን ወደናንተ እንመጣለን።»

«እኛ ዘንድስ ምን ትበላላችሁ?»

«ቃርሚያ። ዳገቱ ላይ ጤፉ ታጭዷል፤ የወደቀውን እንለቅማለን። የቆመ እህል አንነካም።»

«እንዲያ ከሆነ መልእክቴን ለምን ሰደባችሁብኝ?»

«የምን መልእክት?» አለች ሎጊት።

እንግዳ እግሩ ከታጠበ በኋላ ይሳማልና፣ አንጓች ጎንበስ ብላ የተመታውን እግር ሳመችው፤ ስትስመው ዕንባዋ ወረደ። «እህቴ፣ ድንጋዬ ያለ ቦታው ወድቋል፤ ይቅር በይኝ» አለቻት።

ይሄን ሁሉ አያ ቁራ ከጣሪያው ላይ ያያል። አስተዋይ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ይበርር ነበር። ቅናት ግን ክንፍ ያስራል። ዘሎ መሰላሉ ላይ ወረደና፣ «እህ! መጤዋ ተስማ እኔ የቤቱ ልጅ ልቀር?» አለ። «ስንት ዓመት ከራስጌሽ የተቀመጥኩት ማን ሆኜ ነው?»

«እውነትህን ነው» አለች አንጓች። «ና፣ እግርህን ልጠብህ።»

«ውሃው ይቅርብኝ! ቁራ ቢታጠብ ነጭ አይሆን። መሳሙን ግን አልተውም» አለና እግሩን ዘረጋላት።

አንጓች ጎንበስ አለች። የበጋው ንፋስ ከንፈሯን ሰነጣጥቆት ነበር። የቁራን እግር ሳመችው። ከንፈሯ እንደ እሳት ነደደ። ጎንበስ እንዳለች ቆየች። ከንፈሯን ላሰችው፤ ኮመጠጣት። ያን ጊዜ ዐይኗ ወደ ማማው ሥር ሄደ፤ እዚያ ከመሰላሉ ጀርባ የሽምብራ ቅርፊት ተከምሯል።

«እሰይ፣» አለ ማማው ቀስ ብሎ፣ «ወደ ታች አየሽ።»

«አያ ቁራ፣» አለች አንጓች፣ «እግርህ ሽምብራ ሽምብራ ይላል።»

«እ... እሱ... ሽምብራሽን ስጠብቅ ነው! ቀረብ ብዬ ስጠብቅ!»

«ጠባቂው ራሱ ሌባ ነበር በለኛ!» ብላ ቀና ስትል ቁራ የለም። እየጮኸ በደንገሉ ላይ አልፎ ሄዷል።

«ልቀቂኝ! አሁን ልቀቂኝ!» አለ ወንጭፉ።

«ሦስት ጊዜ ለቀቅሁህ፤ ሦስት ጊዜ አሳፈርከኝ። ዛሬ ሌላ ሥራ አለህ» አለችው። የደንገል አገዳ ሰንጥቃ የሎጊትን እግር ደገፈችና በወንጭፉ ጠፍር አሰረችው። ወንጭፉ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ በኋላ ግን አጥብቆ ያዘ። ሥራ ከመፍታት መያዝም ሥራ ነው አለ።

እግሯ እስኪጠና ሎጊት ማማው ሥር ተቀመጠች። አንገቷ ረጅም ነው፤ ታችኛውን ሁሉ ታያለች። ቁራ ዘመዶቹን ይዞ በሽምብራው መሐል ተሹለክልኮ ሲመጣ አንድ ጊዜ ትጮኻለች፤ ዳገቱ ላይ ያሉት ወገኖቿ ይቀበሏታል፤ አንጓችም በጭብጨባ ታባርራለች። ያን በጋ አንድ ድንጋይ አልተወረወረም። ጎህ ሲቀድ ሰልፉ ሲያልፍ አንጓች ደረቷን ነፍታ ታንጋጥጣለች። ወፍ ጠባቂ ወፍ ወደደች ቢሉ ይበሉ!

የተረፈው ሽምብራ ታጨደ፣ ተወቃ። እንደ አምናው አልበዛም፤ ለአንዲት ሴት ግን ይበቃል። ገበያ ላይ የባሏ ወንድም ሚስት፣ «እህ፣ ዘንድሮስ ትመጫለሽ?» አለቻት።

«እኔ አልመጣም» አለች አንጓች። «ሽሮ ካለቀብሽ ግን አንቺ ነይ።»

ሎጊት እግሯ ድኖ፣ ወንጭፉ ተፈቶላት፣ ከወገኖቿ ጋር ወደ አገሯ ሄደች። አንጓችም ከማሳዋ ወደ ዳገቱ ያለውን፣ ውሃው የማይደርስበትን አንዱን ጥግ ሳትለቅመው ተወችው፤ የእንግዶች ቃርሚያ ይሁን ብላ። ሐይቁ ሞልቶ ሸሽቶ፣ ታኅሣሥ ሲመለስ፣ ሰልፉ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ጥግ ላይ ነው።

ቁራስ? ቁራ እስከ ዛሬ ሰው ጎንበስ ሲል ካየ ብድግ ብሎ ይበርራል። ድንጋይ ሊያነሣ ነው ብሎ የፈራ ይመስላችኋል። አይደለም። እንዳይሳም ነው።

ሌባውን ከሰማይ የሚፈልግ ከእግሩ ሥር ይዘረፋል። ተረቴን ወስዳችኋል፤ የበላችሁትን እሸት ቅርፊቱን ቁጠሩልኝ፤ እግራችሁን ደግሞ ታጠቡ።